ሁለት የግራ ቦት

ኮራሊ ስታምፐርን ከማለዳ ጀምሮ ፍርሃት ፍርሃት ብሏታል። ሰበብ አልጠፋም፤ ሰማዩ ነበረ። የቴነሲ ሰማይ በሚያዝያ እንዲህ ወደ አረንጓዴ ሲያደላ ደግ ይዞ አይመጣም። ነፋሱ ጸጥ ብሏል፤ የባቡር ሐዲዱ ዳር ውሾች እንኳ አፋቸውን ዘግተዋል። አባቷ ደልበርት ቫዮሊኑን እየቃኘ፣ "ዝናብ ነው ልጄ፣ ሌላ ምን ይመጣል ብለሽ ነው?" ቢላትም፣ እሱ ራሱ ቀና እያለ ደመናውን በስርቆት ሲያይ ይዛዋለች።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ያስፈራት ሰማዩ ብቻ አልነበረም። በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ረጅም ገበታ ላይ፣ ከእሷ ኩኪስ አጠገብ የተቀመጠች አንዲት ነጭ ካርቶን ነበረች። በካርቶኗ ላይ የዌይድ ፕሪቸት ስም ተጽፏል።

ቀኑ የኦፓል ቲስዴል ልደት ነው። ኦፓል የሲዳር ሆሎ ልጅ፣ የካንትሪ ዘፋኟ፣ ከሞተች ዘመን ቢያልፋትም በከተማዋ ሰው አፍ ላይ ያልሞተች ሴት ናት። በየዓመቱ ልደቷ ሲደርስ ቤቱ ሁሉ ኩኪስ ይጋግርላታል፤ ጊታሩ፣ ሰፊው ባርኔጣ፣ የፈረስ ኮቴው፣ ሁሉም በቀይና በሰማያዊ ስኳር ይሸለማል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቦት ጫማው ነው። ኦፓል ዘፋኝ ልሁን ብላ ወደ ናሽቪል ስትሄድ የግራ ቦቷን በምትወደው ልጅ ደጃፍ ትታ፣ በአንድ እግር ጫማ ባቡር ተሳፈረች ይባላል። ልጁም ቦቱን ታቅፎ ተከትሏት ሄዶ አገባት። ከዚያ ወዲህ በሲዳር ሆሎ ያላገባች ልጅ በልደቱ ቀን ገበታው ላይ የግራ ቦት ኩኪስ ታኖራለች። የሚፈልጋት ወንድ ቀኙን በገዛ እጁ ጋግሮ በካርቶን ከጎኑ ያስቀምጥላታል። ሙዚቃው ሲጀምር ካርቶኑ በሰው ሁሉ ፊት ይከፈታል። ግራና ቀኝ ከተገጣጠመ ሽማግሌ ተልኮ እሺ እንደ መባል ነው። በግራው አጠገብ ሌላ ግራ ያኖረ ግን "ካንቺ ጋር አልራመድም" ማለቱ ነው። ይህን ነውር የሠራ ሰው ከታየ ብዙ ጊዜ ሆኖታል፤ የተሠራባት ሴት ግን አገር ለቃ ሄዳም ስሟ እስከ ዛሬ ይነሳል።

ዌይድ ቀኙን እንደሚያመጣላት ኮራሊ አልተጠራጠረችም። የተጠራጠረችው ከተማው ነበር። ኮረብታው ላይ ያለው የነጭ አጥር ርስትና የፈረስ እርባታ የፕሪቸቶች ነው። ከሐዲዱ ማዶ የተደረደሩት ተጎታች ቤቶች ደግሞ የእነ ኮራሊ ሰፈር ናቸው፤ ጎማቸው ወልቆ ጡብ ላይ የቆሙ፣ ነፋስ በመጣ ቁጥር የሚንቋቋ ቤቶች። ደልበርት ዕድሜውን ሙሉ የፕሪቸቶችን ፈረሶች ኮቴ ብረት ሲያለብስ ኖሯል፤ በዚያ ግቢ የሚያውቀው በር የጋጣውን ብቻ ነው።

ባለፈው ክረምት በዚሁ ነገር ተጣልተው ኮራሊ በሯን ቆልፋበት ነበር። ዌይድ አልለመናትም፤ አልጮኸም። በብርድ ደረጃዋ ላይ ቁጭ አለ። "እስክትከፍቺ አልሄድም፤ ትዕግሥት የተማርኩት ከፈረስ ነው" አላት። በመጨረሻ ስትከፍት ከንፈሩ ጠቁሮ ጥርሱ ይንገጫገጭ ነበር፤ ያን ቀን ነው ከዚህ ሰው ሌላ ሰው እንደማትፈልግ ያወቀችው።

ዛሬ ግን ዌይድ አዳራሹ ውስጥ የለም። ማለዳ ካርቶኑን አስቀምጦ፣ ፈረሶቹ ሰማዩን ፈርተው አጥር ሊጥሱ ነው ተብሎ ወደ እርባታው ተመልሷል።

ደልበርት ቫዮሊኑን አገጩ ሥር አስገባ። ሙዚቃው ተጀመረ። በገበታው ራስ ላይ የቆመችው የዌይድ እናት ሚስ ኦገስታ ፕሪቸት ናት፤ የልደቱ አዘጋጅ፣ ፀጉሯ እንደ ዘውድ የተሠራ፣ አንገቷ የማይታጠፍ ሴት።

"በይ እንጂ ኮራሊ፣ ክፈቺው" አለች። ድምፅዋ ደረቅ ነበር።

ኮራሊ የካርቶኑን ክር ፈታች። ውስጡ አንዲት ቦት አለች፤ ዳርና ዳሯ ያረረ፣ ሰማያዊ ስኳሩ የተዝረከረከ፣ ኮከቡ የተንጋደደ። ኮራሊ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ከራሷ ኩኪስ ጎን አኖረቻት።

የሁለቱም ጣት ወደ አንድ ወገን ያያል። ግራ፣ ግራ።

ቫዮሊኑ ቀጥ አለ። ከወደ ኋላ አንዲት ሴት "ውይ በሞትኩት" አለች። ሌላዋ ሳቋን በእጇ አፈነች። ኮራሊ ዓይኗን አንስታ ወደ ሚስ ኦገስታ አየች፤ ሚስ ኦገስታ ግን ወደ ገበታው ጨርቅ እያየች ነበር።

"ምስኪን" አለች ሚስ ኦገስታ። "ምን ይደረጋል። ቢያንስ በግልጽ ነግሮሻል።"

ኮራሊ ያረረችዋን ቦት አንስታ በሽርጧ ኪስ ከተተችና በኋላ በር ወጣች። እግሯ ወዴት እንደሚወስዳት አላወቀችም። የፈለገችው ሰው የማያያት ቦታ ብቻ ነበር።

*

ወደ ቤቷ አልሄደችም። የአዳራሹን ጥግ ዞራ ወደ ምድር ቤቱ ወረደችና የዱቄት ከረጢት የሚቀመጥበት ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች። እዚያ ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

አልፈልግሽም ይበለኝ፣ ግን እንዴት በሰው ፊት? ትናንት እጄን ይዞ "ነገ ትስቂያለሽ፣ አስቀያሚ ነው የሚሆነው፣ ግን የኔ ነው" ያለኝ ሰው? ቦቷን ከኪሷ አውጥታ በጣቷ ዳሰሰቻት። ኮከቡን ሊያስተካክል ደጋግሞ የሞከረበት ስኳር ተቆልሏል። እምቢ ለማለት ሰው እንዲህ ይደክማል? ይህን ስታስብ ከኀዘኗ በታች ሌላ ነገር ተነሣ፤ ስም ያላገኘችለት ፍርሃት።

ያኔ የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያው ሳይረን ጮኸ።

በሲዳር ሆሎ ያንን ጩኸት የማያውቅ የለም። ከላይ ወንበር ሲወድቅ፣ ሕፃን ሲያለቅስ፣ እግር በደረጃው ሲንጋጋ ተሰማ። ኮራሊ የጓዳውን በር ስትከፍት ምድር ቤቱ በሰው ሞልቷል። አባቷ ቫዮሊኑን ታቅፎ ሕዝቡን እየገፋ ሲፈልጋት አየችው።

"አባዬ! እዚህ ነኝ!"

ደልበርት ደረቱ ላይ አጣብቆ ያዛት። "ተመስገን" አለ። "ቤት የሄድሽ መስሎኝ አንጀቴ ተቆረጠ።"

በዚህ ጊዜ ከጀርባው አንድ ነገር ወደቀ። ሚስ ኦገስታ ናት፤ በእጇ የነበረው ፋኖስ ወለሉ ላይ ተንከባሏል። ኮራሊን እያየች ፊቷ አመድ መሰለ።

"አንቺ... እዚህ ነሽ?"

"የት ልሁንልዎት?" አለች ኮራሊ። ንዴቷ ገና አልበረደም።

"ዌይድን ቤቷ ሄዳለች አልኩት" አለች ሚስ ኦገስታ። "ቅድም መጣ። ገበታውን አየ። ሁለቱም ቦት ግራ መሆናቸውን ነገሩትና 'ምን አድርጌ ነው፣ እማዬ?' አለኝ። ቤቷ ሄዳለች፣ ተዋት፣ አልኩት። እየሮጠ ፒክአፑ ውስጥ ገባ።"

ለኮራሊ ነገሩ ገባት። ቤቱ ባዶ ነው። በሩ ተቆልፏል። ዌይድ ደግሞ በተናደደች ጊዜ በር እንደማትከፍት ያውቃል። ያንኳኳል። ዝም ሲባል ከውስጥ ሆና የምታኮርፍ ይመስለዋል። ከዚያ ደረጃው ላይ ይቀመጣል።

"እስክከፍት አይሄድም" አለች። "አባዬ፣ አይሄድም! እዛው ይቀመጣል!"

ወደ ደረጃው ተወረወረች። ሁለት ሰዎች ያዟት። ደልበርት ፊቷን በሁለት እጁ ይዞ፣ "አሁን በሩን ከከፈትሽው ይሄን ሁሉ ሕፃን ትጨርሺያለሽ። ስሚኝ! ልጁ ሞኝ አይደለም፤ ቦይ ውስጥ ይገባል" አላት። የተናገረውን ግን ራሱም አላመነበትም።

ከሩቅ የባቡር ድምፅ የሚመስል መጣ። የሐዲድ ዳር ልጅ ባቡሩን ከሌላው ለይቶ ያውቃል፤ ኮራሊም ይህ ባቡር እንዳልሆነ አወቀች። መብራቱ ጠፋ። ሁሉም ወለሉ ላይ ተኛ። በጨለማው ውስጥ አንድ እጅ የኮራሊን እጅ ፈልጎ ጨበጠ፤ በዚያ እጅ ያለው ቀለበት የኮራሊ ሥጋ ውስጥ እስኪገባ ድረስ አጥብቆ ጨበጠ።

"ያልገለበጠው ስላላወቀ ነው" አለ የሚስ ኦገስታ ድምፅ ጆሮዋ ሥር።

"ምኑን?"

"ሊጡን።"

በሲዳር ሆሎ የቦት ቅርጽ ማውጫ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ የሚቆርጠው ግራ ነው። ቀኙን የሚፈልግ ሊጡ ከመጋገሩ በፊት በሆዱ ይገለብጠዋል። ሴቱ ሁሉ ከልጅነቱ ስለሚያውቀው የሚያስታውሰው እንኳ የለም። ወንዱ ግን አያውቅም። ስለዚህ እሱ ሲጋግር እናቱ በር ላይ ትቆማለች። ሊጡን መንካት አይፈቀድላትም፤ አንዲት ቃል ብቻ ትናገራለች፦ ገልብጠው። ያቺ ቃል የእናት ምርቃት ናት።

"በር ላይ ቆሜ ነበር" አለች ሚስ ኦገስታ። "ትሪውን አየሁት። የሁሉም ጣት ወደ አንድ ወገን። ዱቄት ፊቱ ላይ፣ ምላሱን ነክሶ ኮከብ ሲሥል... ዞሮ አየኝ። ቃሌን ሲጠብቅ እንደሆነ እንኳ አላወቀም። እኔ አውቄ ዝም አልኩ።"

"ለምን?"

ከላይ አንድ ከባድ ነገር ተሰበረ። ጣሪያው ነው። ሕፃናቱ ጮኹ።

"የደልበርት ልጅ በገበታዬ ላይ አትቀመጥም አልኩ። አሁን ልዋሽሽ አልችልም። እንዲህ ነው ያልኩት።"

ኮራሊ እጇን ልትነጥቅ ፈለገች። ልትጮህባት፣ ልትመታት ፈለገች። ግን አሮጊቷ በጨለማው "ልጄን፣ ልጄን" ትል ነበር። በዚያች ሰዓት በምድር ላይ አንድን ሰው እኩል የሚፈሩለት ሁለት ሴቶች እነሱ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ አልለቀቀቻትም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው ለካ በአንድ ጊዜ ሊመጣም ይችላል።

*

ሲወጡ ቀኑ ገና ቀን ነበር፤ ያም ጉድ ነው። ሌሊት የሆነ መስሏቸው ነበር። የአዳራሹ ጣሪያ ተገንጥሎ ሄዷል። የኦፓል ፎቶግራፍ ግን ግድግዳው ላይ ሳይንቀሳቀስ ፈገግ እንዳለች አለች፤ ከሥሯ ገበታው ተገልብጦ ጊታሩም ባርኔጣውም በጭቃው ውስጥ ተፈርፍሯል።

ኮራሊ ሮጠች። አባቷ ከኋላዋ፣ ሚስ ኦገስታ ደግሞ ተረከዛማ ጫማዋን ጥላ በባዶ እግሯ ከኋላ። ሐዲዱን ተሻገሩ።

ሰፈሩ አልነበረም። አንዱ ተጎታች ቤት በጎኑ ተኝቷል፤ ሌላው እንደ ወረቀት ተጨማዷል። የኮራሊ ቤት ከነጭራሹ የለም። ጡቡ አለ። ደረጃው አለ። የሲሚንቶው ሦስት መርገጫ፣ ምንም ወደሌለበት የሚያወጣ ደረጃ። የዌይድ ፒክአፕ እርሻው መካከል ጎማው ወደ ሰማይ ሆኖ ወድቋል።

ደረጃው ላይ ማንም አልተቀመጠም።

ኮራሊ ወደ ፒክአፑ መሄድ አልቻለችም። ደልበርት ሄደ። እሱ ጎንበስ ብሎ በተሰበረው መስኮት ሲያይ እሷ በቆመችበት ትንፋሿን ያዘች። ሚስ ኦገስታ ዓይኗን ጨፍና ነበር።

"ባዶ ነው!" ብሎ ጮኸ ደልበርት። "ማንም የለም!"

በባዶነቱ ደስ ይበላት ወይስ ይባስ ትፍራ አላወቀችም። ነፋሱ ወስዶት ቢሆንስ? ደረጃው ላይ ዝርግፍ ብላ ተቀመጠች፤ እሱ በተቀመጠባት መርገጫ ላይ። "ዌይድ!" ብላ ጠራች። ድምፅዋ ሩቅ አልሄደም። "ዌይድ! ቤት አልነበርኩም! ሰምተሃል? ቤት አልነበርኩም!"

ዝናቡ ጀመረ።

ከዚያ ኳ፣ ኳ፣ ኳ አለ።

ከመሬት ሥር ነው። የጎረቤታቸው የሚስ ሄቲ ድንች ማስቀመጫ፣ ከጓሮዋ የተቆፈረው ጉድጓድ ቤት። በመዝጊያው ላይ አሮጌው የኦክ ዛፍ ከነሥሩ ተጋድሞበታል። ኮራሊ እየወደቀች እየተነሣች ደረሰች። ጭቃው ላይ ተንበርክካ ቅርንጫፉን ሰንጥቃ ገባችና ጆሮዋን እንጨቱ ላይ ለጠፈች።

"ማነው?"

"ኮራሊ?" ድምፁ ጎርናና ነበር። "አንቺ ነሽ? ከቤቱ ወጣሽ? ስጠራሽ ዝም አልሽኝ፣ ስለምንሽ ዝም አልሽኝ፣ እኔ—"

"አልነበርኩም! ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ነበርኩ!"

ከውስጥ አንድ ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ተሰማ። እሷም ገባት፤ ይህን ሁሉ ጊዜ እዚያ ጨለማ ውስጥ ቤቷ ከእሷ ጋር የተወሰደ መስሎት ነበር የተቀመጠው።

"በቀበቶው ጎትቼ ነው ያስገባሁት!" አለች ሚስ ሄቲ ከውስጥ። "ቤቱ እየተነሣ ይሄ ግትር ደረጃው ላይ ቁጭ ብሏል! በሉ ዛፉን አንሱ፣ ፍቅሩ ይደርሳል፤ እዚህ ውሃ እየገባ ነው!"

ውሃ። ኮራሊ ዞራ አየች። ከተሰበረው ቦይ ጭቃማ ውሃ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። ደልበርት ግንዱን ገፋ፤ ነቅነቅ እንኳ አላለም። "የሞተር መጋዝና ሰው ላምጣ" ብሎ ወደ ከተማው ሮጠ። ሚስ ኦገስታ ቀረች። ያቺ አንገቷ የማይታጠፍ ሴት ጭቃው ላይ ተንበርክካ በባዶ እጇ አፈር እየዛቀች ውሃውን ልትመልስ ትታገል ጀመር። ኮራሊም ከጎኗ ተንበረከከች። ሳይነጋገሩ ቆፈሩ። ውሃው ቀስ እያለ አቅጣጫውን ለወጠ።

"ውስጥ ስንት ደረሰ?" ብላ ጮኸች ኮራሊ።

"ጉልበት" አለ ዌይድ። ትንሽ ቆየና፣ "ቆመ መሰለኝ" አለ። ከዚያም በቀስታ፣ "ኮራሊ፣ ቦቱ ላይ ምን አጠፋሁ? በጌታ ንገሪኝ፤ እኔ ቀኝ መስሎኝ ነው" አለ።

ኮራሊ ልትመልስለት አፏን ከፈተች፤ ሚስ ኦገስታ ግን ክንዷን ያዘቻት። አሮጊቷ ጉንጯን በእንጨቱ ላይ አኖረች። ፀጉሯ ፈርሶ ፊቷ ላይ ወርዷል።

"ዌይድ" አለች።

"እማዬ? እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ገልብጠው ልጄ።" ድምፅዋ ተሰበረ። "ሊጡን ስትቆርጥ... ሳትጋግረው በፊት ገልብጠው። ትናንት ልነግርህ ይገባኝ ነበር። ገልብጠው።"

ዌይድ ያቺን ቃል እናቶች ልጆቻቸውን ሲመርቁባት ሰምቷታል፤ ስለ ሊጡ መሆኗን ግን ገና አሁን ነው ያወቀው። "እሺ እማዬ" አለ በመጨረሻ።

ሚስ ኦገስታ ተነሥታ ጥቂት ፈቀቅ ብላ ቆመች። ኮራሊ ጣቷን በመዝጊያው ስንጥቅ ሰደደች። ከወዲያ በኩል የቀዘቀዘ፣ ጭቃ የለበሰ ጣት ነካት። ያኔ ቅድም መልሳ በኪሷ የከተተችው ነገር ትዝ አላት። ያረረችው ቦት ሁለት ቦታ ተሰብራለች። አንዱን ስባሪ በስንጥቁ አሾልካ ሰጠችው።

"ምንድነው?"

"ብላው። የራስህ ነው።"

ሲያኝክ ተሰማት። "ይመራል" አለ።

"አሳርረኸዋል።" ሌላውን ስባሪ በራሷ አፍ አደረገች። በእውነትም ይመር ነበር። እያለቀሰች አኘከችው።

"ለኔስ?" አለች ሚስ ሄቲ ከውስጥ።

በሩቁ ሰማይ ገና ያጉረመርማል፤ መጋዙ አልደረሰም፣ ዛፉ አልተነሣም። ኮራሊ ጀርባዋን ወደ መዝጊያው አዙራ በዝናቡ ውስጥ ተቀመጠች፤ አንድ ጣቷን ግን ከስንጥቁ አላወጣችም።

"ሂጂ እንጂ፣ ብርድ ይመታሻል" አለ ዌይድ። "መጠለያ ፈልጊ። መጋዙ ሲመጣ ትመለሻለሽ።"

"አይሆንም" አለች ኮራሊ። "እስክትወጣ አልሄድም።"